«ኬሚስትሪ ተምራ ምን ልትሆን ነው?»

ባለፈው ሰኞ ማታ አንድ ጎረቤቴ ወረቀት ይዞ ቤቴ መጣ። ወረቀቱ የልጁ የስኮላርሺፕ ፎርም ነው። ልጅቱ ኬ.ሲ.ኤስ.ኢ. ወስዳ ጥሩ ውጤት አምጥታለች፤ በኬሚስትሪ ቢ ፕላስ አላት። ፎርሙ ላይ «የመጀመሪያ ምርጫ» በሚለው ቦታ ኬሚስትሪ ብላ ሞልታለች። አባትየው ተቆጥቷል፤ ተቆጥቷል ከምል ደንግጧል ብል ይሻላል።

«ቲቸር፣ እባክዎ እርስዎ ይምከሯት፤ እኔንማ አልሰማ ብላለች። ሰው ዕድል ሲያገኝ ነርሲንግ ይሞላል፣ አካውንቲንግ ይሞላል። ኬሚስትሪ ተምራ ምን ልትሆን ነው? እንደ…» አለና ዐረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ የቀረበለትን ሻይ አነሣ።

«እንደ እርስዎ» ሊል እንደነበረ ሁለታችንም ገብቶናል። አልተቀየምኩትም። ኬሚስትሪ ተምሬ ምን እንደሆንኩ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ጠዋት በኢንሰንቲቭ አስተምራለሁ፣ ከሰዓት በኋላ ጀሪካን እሸከማለሁ፣ ቀኑ ሲደርስ እንደማንኛውም ሰው ለራሽን እሰለፋለሁ። ከእኔ ጎን ባለው ክፍል የሚያስተምረው የኬንያ ዜጋ ያው የእኔን ትምህርት፣ ለያው ተማሪ፣ በያው ጠመኔ ያስተምራል፤ የወር ክፍያችን ግን አይገናኝም። ይሄ እዚህ ለምንኖር ሰዎች አዲስ ወሬ አይደለም።

ያን ማታ መልስ አልሰጠሁትም። «እስቲ ላስብበት» ብዬ ሸኘሁት። ሳምንቱን ሙሉ ሳስብበት ሰነበትኩ። ጥያቄው የእሱ ብቻ እንዳልሆነ ስለማውቅም መልሴን በዚህ ገጽ ላይ ለማቅረብ ወሰንኩ።

በመጀመሪያ አባትየው ትክክል የሆነበትን ልናገር። እኔ ራሴ ኬሚስትሪን የመረጥኩት ወድጄ አልነበረም። በእኛ ጊዜ ማትሪክ ተፈትነህ ምርጫ ትሞላለህ፣ ከዚያ የሚደርስህ ይደርስሃል። እኔ ሦስተኛ ላይ የሞላሁት ደረሰኝ። ከእኛ በኋላ የመጡት ደግሞ የባሰ ገጠማቸው። በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ መንግሥት «ሰባ ሠላሳ» የሚለውን ፖሊሲ አመጣ፤ ዩኒቨርሲቲ ከሚገባው ተማሪ 70 በመቶው ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ማኅበራዊ ሳይንስ ይማር ተባለ። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። ነገር ግን ተማሪውን ወደ ሳይንስ ክፍል መመደብ ቀላል ነው፤ ለዚያ ሁሉ ተማሪ ላብራቶሪ መሥራትና ሲመረቅ የሚቀጥረው ፋብሪካ መክፈት ግን ቀላል አይደለም። አፕላይድ ኬሚስትሪ ተመርቀው ቤተሰብ ላይ የተቀመጡ ልጆችን ያላየ ሰው ያለ አይመስለኝም። እኛ መምህራን «አፕላይድ ማለት ሲመረቁ አፕሊኬሽን መጻፍ ማለት ነው» እያልን እንቀልድ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ደግሞ በአፕላይድ የተመረቀ ሰው አንድ ዓመት የማስተማር ዲፕሎማ ጨምሮ ሁለተኛ ደረጃ ያስተምር የሚል ፕሮግራም ተጀመረ። ብዙው ልጅ የገባው አስተማሪነትን ፈልጎ ሳይሆን ሌላ በር ስላጣ ነው። ሳይፈልግ የገባ አስተማሪ ምን ዓይነት እንደሚሆን ልጆቹ ይነግሯችኋል።

እዚህ ስደት ላይ ሲሆን ነገሩ ይጠብቃል። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው የኬንያ የስደተኞች ሕግ፣ ዕውቅና ያለው ስደተኛ የትምህርት ማስረጃው በሚመለከተው አካል ተቀባይነት ካገኘ በሙያው ሊሠራ እንደሚችል ይናገራል። በወረቀት ደረጃ መልካም ነው። ሥራ ፍለጋ የወጣ ልጅ ግን መጀመሪያ ከካምፕ መውጫ ፈቃድ ያስፈልገዋል፣ ቀጥሎ የሥራ ፈቃድ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ይህን ሁሉ ወረቀት እስኪጨርስ የሚጠብቀው ቀጣሪ። በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የሚለጠፉትን ክፍት የሥራ ቦታዎች በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ሳነብ «ኬሚስት ይፈለጋል» የሚል አንድ እንኳ አላየሁም።

እንግዲህ አባትየው አልተሳሳተም። እኔ ከእሱ የምለየው ከዚህ በኋላ ባለው ነው።

ጠዋት ጠዋት ቦኖው ጋ አንድ ልጅ ትንሽ የፕላስቲክ ሳጥን ይዞ ሲመጣ አይታችሁ ይሆናል። ከቧንቧው ጥቂት ውሃ ይቀዳል፣ አንዲት ክኒን ይጨምርበታል፣ ያናውጠዋል፣ ውሃው ሮዝ ይሆናል። ያን ሮዝ ሳጥኑ ላይ ካሉት ቀለማት ጋር አስተያይቶ ቁጥር ይጽፋል። ክኒኗ ዲ.ፒ.ዲ. ትባላለች፤ የምታሳየውም ውሃው ውስጥ የቀረውን ነፃ ክሎሪን ነው። ቦኖው ላይ እንዲገኝ የሚፈለገው በሊትር ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊግራም ነው፤ የኮሌራ ሥጋት ሲኖር ከዚያ ከፍ ይደረጋል።

ይህን ሥራ ሁለት ዓይነት ሰው ሲሠራው አይቻለሁ። አንደኛው ቁጥሩን ይጽፍና ይሄዳል። ሁለተኛው ግን፣ አንድ ሰሞን በእኛ ብሎክ ይሠራ የነበረ ልጅ፣ «ቦኖው ላይ ጥሩ ነው፤ ማታ ቤታችሁ ስትጠጡትስ?» ብሎ ጠየቀ። ከየቤቱ ጀሪካን ቀድቶ ለካ። ጠዋት ሮዝ የነበረው ውሃ ማታ ቀለሙ ጠፍቷል። ምክንያቱ ክሎሪን ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ጀሪካኑ ውስጥ ያለው አረንጓዴ ዝቃጭና ሙቀቱ ይበሉታል። በዚህ አገር ሙቀት ፀሐይ ላይ የዋለ ቆሻሻ ጀሪካን ምን እንደሚያደርገው አስቡት። ልጁ ከዚያ በኋላ እናቶችን ሰብስቦ ጀሪካናቸውን በጠጠርና በሳሙና እንዲያጥቡ አደረገ። «ውሃው መድኃኒት መድኃኒት ይሸታል» ብለው ይደፉ የነበሩትንም ሽታው ለምን እንዳለ አስረዳቸው። የሥራ መጠሪያው «የንጽሕና አስተማሪ» ነው። ያ ልጅ የተማረው ግን ኬሚስትሪ ነበር፤ ዲግሪውን ሳይጨርስ ሁለተኛ ዓመት ላይ አቋርጦ የተሰደደ። ሁለት ዓመት የተማረው ይህን ጥያቄ ለመጠየቅ በቃው።

ሌላም አለ። አንድ የሴቶች ማኅበር ሳሙና መሥራት ጀምሮ ነበር። የመጀመሪያው ዙር ጥሩ ወጣ፣ ሁለተኛው አልጠነክር አለ፣ ሦስተኛው የገዛውን ሰው እጅ አቃጠለ። ሰው ሳሙናውን መልሶ አመጣባቸው። ሲጣራ ኮስቲክ ሶዳውን የሚለኩት በኩባያ ነው። ኮስቲክ ሶዳ ደግሞ ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ዛሬ የተከፈተውና ከወር በፊት የተከፈተው ኩባያው አንድ ቢሆንም ውስጡ ያለው አንድ አይደለም። አንዲት ኬሚስትሪ የምትወድ የፎርም ፎር ተማሪ ከቅመም ነጋዴ ሚዛን ተውሳ መጣች። ለ1 ኪሎ የዘንባባ ዘይት የሚበቃው ኮስቲክ 140 ግራም ገደማ ነው፤ እሷ ትንሽ ቀነስ አድርጋ 134 ግራም መዘነች፣ ዘይቱ እንዲተርፍና ኮስቲኩ እንዳይተርፍ። ክዳኑንም ገጥመው እንዲያስቀምጡ አዘዘቻቸው። ከዚያ ወዲህ የተቃጠለ እጅ የለም። ማኅበሩ ዛሬም ይሠራል።

መተሐራ ወይም ዝዋይ አካባቢ ያደጋችሁ ደግሞ ይህኛውን በጥርሳችሁ ታውቁታላችሁ። ሰው ሲስቅ ቡናማ ጥርሱን አይተን «የመተሐራ ልጅ ነህ?» እንለው የለ? ያ የስምጥ ሸለቆ ውሃ ውስጥ ያለው ፍሎራይድ ሥራ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም በላይ እንዳይሆን ይመክራል፤ በስምጥ ሸለቆ፣ በእኛም በኬንያም፣ ከዚያ እጅግ የሚበልጡ ጉድጓዶች አሉ። ሲብስ አጥንት ያጎብጣል። መከላከያው ከሩቅ አገር የሚመጣ ማሽን ብቻ አይደለም፤ አየር በተቆጠበ እሳት የተቃጠለ የከብት አጥንት ከሰል ፍሎራይዱን ይይዘዋል። ኬንያ ናኩሩ አካባቢ ለዓመታት ተሠርቶበታል። ግን ሙቀቱን ካላወቅህበት ውሃው መጥፎ ሽታ ይይዝና ማንም አይጠጣውም፤ ከሰሉ መቼ እንደጠገበና መቼ መቀየር እንዳለበትም መለካት አለበት። ያን የሚለካው ሰው ነው የጠፋው።

እነዚህን ሁሉ የማነሣው «ሥራ ሞልቷል» ለማለት አይደለም። ሥራው አለ፤ ስሙ ግን ኬሚስት አይባልም፤ ስለዚህ በስሙ የሚፈልገው ሰው አያገኘውም። በፋብሪካም ያው ነው። ማጋዲ ሐይቅ ላይ ሶዳ አሽ ይወጣል፤ ወንጂ እ.ኤ.አ. ከ1954 ጀምሮ ስኳር ያመርታል፤ ሞጆ ቆዳ ይለፋል፤ ሙገር ሲሚንቶ አለ። እንዲህ ያለ ፋብሪካ ሁሉ ቀንና ሌሊት ናሙና የሚለካ ሰው ያስፈልገዋል። የሚቀጠረው «ጥራት ቁጥጥር» ወይም «ላብራቶሪ ቴክኒሺያን» እየተባለ ነው።

ስለ እርካታም ልጨምር፣ ምክንያቱም ሰዉ ስለ ደመወዝ ብቻ ነው የሚያወራው። ከእኔ ጋር የተመረቀ ጓደኛዬ አገር ቤት አንድ ስኳር ፋብሪካ ላብራቶሪ ውስጥ ገባ። ሁላችንም ቀናንበት። ነጭ ካፖርት፣ ቤት፣ ክሊኒክ፣ የማይቋረጥ ደመወዝ። ከዓመታት በኋላ በስልክ ስንገናኝ «ጠዋት የኖራውን ፒ.ኤች. እለካለሁ፣ ማታ የኖራውን ፒ.ኤች. እለካለሁ። አንተ ቢያንስ ተማሪ ጥያቄ ይጠይቅሃል፤ እኔን የሚጠይቀኝ የለም» አለኝ። እኔ ደግሞ የእሱን ደመወዝ ሳስብ ነበር። ማናችን እንደሚሻለን እስከ ዛሬ አልተስማማንም።

እኔ ግን ከዚህ ሥራ ያገኘሁት ነገር አለ፤ አልዋሽም። ክፍሌ ውስጥ ኬሚካል የለም። ስለዚህ ከርከዴ ከሱዳኖቹ ሱቅ እገዛለሁ፣ አፈላለሁ፣ ሎሚ እጨምቅበታለሁ፤ ደማቅ ቀይ ይሆናል። በሌላው ብርጭቆ የአመድ ውሃ እጨምርበታለሁ፤ ወደ አረንጓዴ ይሄዳል። አሲድና ቤዝ ማለት ይኸው ነው። ከኋላ ወንበር ተኝቶ የነበረው ልጅ ሲነሣ ታያላችሁ። በነጋታው ደግሞ ከቤቱ ያለውን ሁሉ፣ የሻይ ቅጠል፣ የኮምጣጤ ጠርሙስ፣ የልብስ ሳሙና፣ ይዞ ይመጣል። ለእንዲህ ዓይነቱ ቀን ማንም አይከፍለኝም፤ እኔም ዋጋ አላወጣሁለትም።

ነገር ግን በከርከዴ ፈተና አይታለፍም። የኬ.ሲ.ኤስ.ኢ. ኬሚስትሪ ሦስት ወረቀት አለው፤ ሦስተኛው የላብራቶሪ ሥራ ነው፤ ከመቶው 40ውን የሚይዘውም እሱ ነው። በፊት ያስተማርኩበት አንድ ትምህርት ቤት ተማሪዎቼ ቢዩሬት ለመጀመሪያ ጊዜ በእጃቸው የያዙት የፈተናው ዕለት ነበር። አንዷ ቧንቧውን በየት በኩል እንደምትከፍተው ጠፍቷት አለቀሰች። ከዚያ ውጤት ሲመጣ «ስደተኛ ተማሪ በሳይንስ ደካማ ነው» ተባለ። እኔ ንዴቴ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። ባለፈው ዓመት በተደረገ የትምህርት ምክር ስብሰባ ላይ አንድ አማካሪ ቆሞ «ሳይንስ አገር ላለው ሰው ነው፤ እናንተ ቶሎ ሥራ የሚያስይዛችሁን ተማሩ» ብሏቸዋል። ልጆቹ ፊታቸው ሲወድቅ አየሁ። ሰውየው ክፉ አይደለም፣ የነገራቸውም ግማሹ እውነት ነው። ግን ቢዩሬት ሳትሰጠው የቀረህን ልጅ «አይሆንልህም» ማለት ምክር አይባልም። ለእኛ ለካምፑ ትምህርት ቤቶች አሥር ቢዩሬትና አንድ የሚቆለፍ የኬሚካል ሳጥን፣ በየትምህርት ቤቱ የሚዞርም ቢሆን፣ ከብዙ ስብሰባ ይበልጥ ነበር።

ሰሞኑን ደግሞ በየስልኩ አንድ ታሪክ ይዞራል፤ እናንተም ሳይደርሳችሁ አልቀረም። ኦማር ያጊ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1965 አማን ከተማ ከፍልስጥኤም ስደተኛ ቤተሰብ ተወለደ። ብዙ ሆነው ከከብቶቻቸው ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ነበር የሚኖሩት፤ ውሃ በቧንቧ የሚመጣው አንዳንድ ቀን ብቻ ስለነበረ በመጣ ቁጥር ያለው ዕቃ ሁሉ መሞላት አለበት። በ15 ዓመቱ ወደ አሜሪካ ሄደ፤ ትምህርቱን የጀመረው በአንድ የሁለት ዓመት ኮሌጅ ነው፤ ሱቅ ውስጥ የደንበኛ ዕቃ በከረጢት እየከተተና ወለል እየወለወለ ተማረ። እ.ኤ.አ. በ2025 ከሱሱሙ ኪታጋዋና ከሪቻርድ ሮብሰን ጋር የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተቀበለ። የሠሩት ነገር ከብረትና ከካርቦን ሞለኪውሎች የተጋጠመ፣ እንደ ወንፊት ውስጡ ክፍት የሆነ ቁስ ነው፤ የአንዷ ግራም የውስጥ ገጽ ቢዘረጋ በሺህ የሚቆጠር ካሬ ሜትር ይሆናል። ያጊና ባልደረቦቹ በዚህ ቁስ አሪዞና በረሃ ላይ ከአየር ውሃ ቀድተዋል። ጀሪካን የሞላ ልጅ ነዋ!

ደስ ይላል። እኔም ለተማሪዎቼ አውርቻለሁ። ነገር ግን ለዚያ ጎረቤቴ ይህን ታሪክ እንደ መልስ ባቀርብለት ማታለል ይሆንብኛል። እሱ የሚጠይቀኝ ልጁ በአራት ዓመት ውስጥ ቤት መርዳት ትችል እንደሆነ ነው። ኖቤል ራሽን አይሆንም። ከያጊ ታሪክ ለእኛ የሚጠቅመው ክፍል የሁለት ዓመት ኮሌጁ ይመስለኛል፤ ማንም የማይፎክርበት ግን በሩ ክፍት የሆነ ቦታ።

እሑድ ዕለት ጎረቤቴ ልጁን ይዟት መጣ፤ ሦስታችንም ተቀመጥን። መጀመሪያ ለምን ነርሲንግ እንዳልሞላች ጠየቅኳት። «ቲቸር፣ እኔ ደም ሳይ ያዞረኛል። አባዬም ያውቃል» አለች። አባትየው ሳቀ፤ ለካ አንድ ጊዜ በግ ሲታረድ ወድቃ ነበር። ከዚያ የማውቀውን ነገርኳት። «ኬሚስትሪ» ብለሽ ብቻ አትሙዪ፤ በኬንያ ኢንዱስትሪያል ኬሚስትሪ የሚባል ዲግሪ አለ፣ በቴክኒካል ኮሌጆች ደግሞ የአናሊቲካል ኬሚስትሪ ዲፕሎማ አለ፤ ዲፕሎማው ዝቅ ያለ ይመስላል እንጂ እጅን የሚያሠለጥን እሱ ነው። ኮሌጁን በሳምንት ስንት ሰዓት ላብራቶሪ እንዳለው ጠይቂ። አታችመንት የት እንደሚልኩና ለስደተኛ ይፈቅዱ እንደሆነ አስቀድመሽ እወቂ፤ የመውጫ ፈቃዱን በመጨረሻው ሳምንት ከጀመርሽው አይደርስም። ከኬሚስትሪው ጋር ውሃ ወይም ምግብ የሚነካ ኮርስ ካለ ያዢ። የማስተማሩን መንገድ ደግሞ ሁለተኛ ምርጫ አድርጊው፣ ከወደድሽው ብቻ። ትራንስክሪፕትሽንና የኮርሶቹን ዝርዝር በየዓመቱ አስወጥተሽ አስቀምጪ፤ ሌላ አገር የደረሱ ልጆቻችን ወረቀቱ ስለሌላቸው የተማሩትን ከሀ ጀምረው እየተማሩ ነው፤ አንዳንዶቹም ትተውት ታክሲ ይነዳሉ።

አባትየው ሁሉንም ዝም ብሎ ሰማ። ሲጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፤ «ቲቸር፣ እርስዎ አሁን ያለዎትን እያወቁ፣ እንደገና ቢሞሉ ይሞሉት ነበር?»

ሦስተኛ ላይ ነበር የሞላሁት፣ አልኩት። አሁን ቢሆን አንደኛ ላይ እሞላዋለሁ፤ ግን ላብራቶሪ የሌለው ኮሌጅ ከሆነ ጭራሽ አልሞላውም።

ልጅቱ ምርጫዋን አስተካክላ ጻፈች፤ አንደኛ ኢንዱስትሪያል ኬሚስትሪ፣ ሁለተኛ የአናሊቲካል ዲፕሎማው። ፎርሙ የሚመለሰው ዓርብ ነው። ከታች የወላጅ ፊርማ የሚል መስመር አለው፤ አባትየው እስከ ትናንት ማታ አልፈረመም።